በካፖርቱ ላይ የተጻፈው 1943 የማን ዘመን ነው?

የጠያቂያችን ደብዳቤ

ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ስሆን በሱሉልታ ከተማ በመምህርነት እተዳደራለሁ። አባቴ ባለፈው ዓመት ካረፉ በኋላ የቤታቸውን ዕቃ የማስተካከሉ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ፤ ከአልጋቸው ሥር በነበረው የእንጨት ሳጥን ውስጥም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን የአያቴን ካፖርት አገኘሁት። አያቴ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። በቤታችን ሲነገር የኖረው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ እንደ ዘመቱና ይህን ካፖርት ይዘው እንደ ተመለሱ ነው። አባቴ ብርድ በበረታበት ማለዳ ላሞቹን ሊያልቡ ሲወጡ ይደርቡት ነበር፤ እኛ ልጆቹ «የኮሪያው» እያልን ነበር የምንጠራው።

ካፖርቱ ከባድ የሱፍ ልብስ ነው፤ ቀለሙ ካኪ ሆኖ ከፊት በሁለት ረድፍ የተደረደሩ የናስ ቁልፎች አሉት። በቁልፎቹ ላይ አንበሳ ይታያል፤ አንዱ ብቻ ወድቆ በተራ ጥቁር ፕላስቲክ ተተክቷል። ከውስጥ በገበሩ ላይ የተሰፋ ነጭ ጨርቅ አለ፤ አብዛኛው ጽሑፍ ቢደበዝዝም 1943 የሚል ቁጥርና የዶሮ እግር የመሰለ ባለ ሦስት መስመር ምልክት ይነበባል። የአባቴ ታናሽ ወንድም የሆኑት አጎቴ «ማስረጃው በላዩ ተጽፏል» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የዘመተው በ1943 ዓ.ም. ነውና። ካፖርቱን ለደብራችን ቤተ መዘክር ለመስጠትና «በኮሪያ ዘመቻ የተለበሰ» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ ለማኖር ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተስማምተዋል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በደላላ በኩል 80,000 ብር የሚሰጥ ገዢ አግኝቷል። ገዢው ውጭ አገር ለሚኖር ሰብሳቢ ሊልከው እንደሚፈልግ ተናግሯል፤ አስቀድሞም ለሁለት ቀን ወስዶ ሊያስመረምረው ጠይቋል።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፎቶውን አይቶ ቁጥሩ የፈረንጅ ዘመን እንደሚመስለውና ካፖርቱ ምናልባት ሰልባጅ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የለኝም። ለአጎቴ ብነግራቸው አባታቸውን ውሸታም ያልኩባቸው ይመስላቸዋል፤ ዝም ብል ደግሞ ሐሰት በቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዲሰቀል ፈቀድኩ ማለት ነው። ለመሆኑ እውነተኛነቱን በምን አውቃለሁ? ካወቅሁስ በኋላ ምን ላድርግ?

የልጅ ልጃቸው፣ ከሱሉልታ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

በቅድሚያ ለአባትዎ ነፍስ ይማር፣ እርስዎንም እግዚአብሔር ያጽናዎ እላለሁ። ሰው በሞተ በዓመቱ ሳጥኑን መክፈት በራሱ ከባድ ነው፤ ከሳጥኑ የወጣው ነገር ደግሞ ጥርጣሬ ሲያስከትል ኀዘኑ እንደ አዲስ ይቀሰቀሳል። ደብዳቤዎን ሳነብ የተረዳሁት ካፖርቱ ሰልባጅ ሆኖ ቢገኝ አያትዎም፣ ታሪኩን ያወረሱዎት አባትዎም አብረው ከዓይንዎ የሚወድቁ መስሎ እንደ ታየዎ ነው። እንቅልፍ የነሳዎም ይኸው ይመስለኛል።

ስለዚህ አስቀድመን ሁለት ጥያቄዎችን እንለያያቸው። «ይህ ካፖርት መቼና ለየትኛው ጦር ተሰፋ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። «አያቴ ኮሪያ ዘምተዋል ወይ?» የሚለው ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ካፖርቱ ራሱ በደንብ ሊመልስልዎ ይችላል። ሁለተኛውን ግን ካፖርቱ አያውቀውም፤ ካፖርቱ የኮሪያ ሆኖ አያትዎ ሳይዘምቱ ሊቀሩ፣ አያትዎ ዘምተው ካፖርቱ የሌላ ጊዜ ሊሆን ይችላል። በቤታችሁ ሁለቱ ለብዙ ዓመታት አብረው ሲነገሩ ስለኖሩ አንዱ ከተነካ ሌላውም የሚፈርስ መስሏችኋል።

ባልደረባዎ ስለ ቁጥሩ የተናገረው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው በቁጥሩ ብቻ ተመርቼ ሳይሆን አጠገቡ አለ ባሉት ምልክት ምክንያት ነው። የዶሮ እግር የመሰለው ባለ ሦስት መስመር ምልክት የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት መለያ የሆነው የቀስት ጫፍ ነው፤ ለረጅም ዘመን በጠመንጃው፣ በድንኳኑ፣ በብርድ ልብሱና በወታደሩ ካፖርት ላይ ሲታተም ኖሯል። ይህ ምልክት ያለበት መለያ ጨርቅ ዓመቱን የሚጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። 1943 እ.ኤ.አ. ማለት በእኛ 1935 እና 1936 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሣው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በአውሮፓውያኑ ሲቆጠር 1951 ይሆናል። ካፖርቱ የተሰፋው ዘመቻው ሊጀመር ስምንት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው ማለት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች መገጣጠማቸው እንዲሁ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ አጎትዎ በዚህ መሳሳታቸው ግን ፈጽሞ አይፈረድበትም፤ በእሳቸው ቦታ የነበረ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ 1943 የሚለውን ሲያይ አስቀድሞ የሚያስበው የራሱን ዘመን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲደርስ የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሥር ነበር፤ ትጥቁንና የክረምት ልብሱንም ያገኘው ከአሜሪካኖቹ ነው። ከዚያ የመጣ ልብስ ቢሆን ኖሮ በኪሱ ውስጥ የአሜሪካ ጦር የአቅርቦት ክፍል መለያ፣ የውል ቁጥርና የልብሱ ስም በተገኘበት ነበር። የእንግሊዝ ካፖርት ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ኮሪያ ደርሶ ሊመለስ አይችልም አልልም፤ ካፖርቱ ላይ ግን ይህን የሚደግፍ ነገር የለም።

ታዲያ ሰልባጅ ነው? ወደዚያ ለመሮጥ አይቸኩሉ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ፣ በጥር 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን የኢትዮጵያን ጦር እንደገና በማደራጀትና በማሠልጠን ለዓመታት በአገራችን ቆይቷል። በእነዚያ ዓመታት የእንግሊዝ ጦር ዕቃ በአገራችን በብዛት ይገኝ ነበር። የቃኘው ሻለቃ አባላት በአብዛኛው የተመለመሉት ከክቡር ዘበኛ መሆኑን ደግሞ ያውቃሉ። በ1930ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወታደር የነበረ ሰው በእንግሊዝ የተሰፋ ካፖርት ቢኖረው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ከዘመኑ ጋር ይስማማል። እንግዲህ አያትዎ ወደ ጦሩ የገቡት መቼ እንደሆነ የሚያውቅ አለ? ከ1943 ዓ.ም. ቀድመው ከገቡ ካፖርቱ ከመጀመሪያዎቹ የወታደርነት ዓመታቸው የቀረ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ይህ ከኮሪያው ታሪክ የሚያንስ አይደለም።

ወደ ምርመራው ከመሄድዎ በፊት አንድ አደራ አለኝ። እባክዎ ካፖርቱን አይጠቡት፣ ለላውንደሪም አይስጡት፣ አይተኩሱትም። ቁልፎቹንም በሎሚና በአመድ ፈትጎ ማንጻት የለመድነው ነገር ስለሆነ ለደብሩ ከመስጠቱ በፊት «እናሳምረው» የሚል ዘመድ እንዳይቀድምዎ ይጠንቀቁ። የጠቆረው ናስ፣ በኪሱ ጥግ የተጠራቀመው አቧራ፣ በገበሩ ላይ ያለው የላብ ምልክት፣ እነዚህ ሁሉ የልብሱን ዕድሜ የሚናገሩ ናቸው፤ አንዴ ከታጠቡ አይመለሱም።

ምርመራውን ቀን በመስኮት አጠገብ፣ ንጹሕ ነጠላ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት። ከመለያ ጨርቁ ይጀምሩ። በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያጉሉት፤ ከጎን በኩል በባትሪ ሲያበሩበት በዓይን የማይታይ የደበዘዘ ፊደል ሊወጣ ይችላል። ከዓመቱ ሌላ የልብሱ ስም፣ የሠራው ድርጅት፣ የመጠን ቁጥርና የቁመትና የደረት ልክ በፉትና በኢንች ተጽፎ ማግኘትዎ አይቀርም። ቁመቱ ከተነበበ አንዱን ፉት በ30.5 ሳንቲ ሜትር አድርገው ያስሉትና ከአያትዎ ቁመት ጋር ያስተያዩት፤ ወታደር ሁልጊዜ ልኩን ያገኛል ባይባልም ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ከሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የቀስቱንም ምልክት ዙሪያውን በደንብ ይዩት። ቀስቱን የላቲኑ «ሲ» ፊደል ከከበበው ካፖርቱ የካናዳ፣ «ዩ» ከከበበው የደቡብ አፍሪካ ነው። ደቡብ አፍሪካውያን ጣሊያንን ከአገራችን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት ስለ ተሳተፉ ይህ ለእኛ አገር ባዳ የሆነ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ቁልፎቹን ያገላብጡ፤ በእኔ ግምት ብዙ የሚያስተምርዎ እዚህ ጋ ነው። «አንበሳ ይታያል» ብለዋል። አጉሊ መነጽር ያግኙና አንበሳው ብቻውን መሆኑን ያረጋግጡ። የእንግሊዝ ጦር የተለመደው የናስ ቁልፍ የንጉሡን አርማ የያዘ ነው፦ በመካከል ጋሻ፣ በላዩ ዘውድ፣ ከሚያዩት ሰው በስተግራ አንበሳ፣ በስተቀኝ ደግሞ ግንባሩ ላይ አንድ ቀንድ ያለው ፈረስ ቆመው ጋሻውን ደግፈው ይታያሉ። ቁልፉ ሲያረጅ ጋሻውና ፈረሱ ይፋቁና ጎፈሩ ጎላ ብሎ የተቀረጸው አንበሳ ብቻ ሊቀር ይችላል፤ በቤታችን አንበሳን የምናውቀው በሞዐ አንበሳ ስለሆነ የእኛ ነው ብለን እንወስደዋለን። የእኛው አንበሳ ግን ዘውድ ደፍቶ፣ መስቀል ያለበትን በትር ይዞ የሚራመድ ነው፤ ሌላ እንስሳ አብሮት የለም። በካፖርትዎ ላይ ያለው ባለ ሁለት እንስሳው ከሆነ ቁልፎቹ ከካፖርቱ ጋር አብረው ከፋብሪካ የወጡ ናቸው ማለት ነው። መስቀል የያዘው አንበሳ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይበልዎ፤ በእንግሊዝ የተሰፋውን ካፖርት አንድ ሰው የኢትዮጵያ ወታደር ልብስ እንዲሆን ብሎ ቁልፉን ለውጦታል ማለት ነውና፣ ለሰልባጅነት ጥርጣሬ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

የቁልፉን ጀርባ ማየትም አይርሱ። አብዛኛውን ጊዜ የሠሪው ስምና ከተማው፣ ለምሳሌ ለንደን ወይም በርሚንግሃም የሚል፣ ዙሪያውን ይታተማል። ይህ ብቻውን ግን አያጣላዎ፤ የእንግሊዝ ቁልፍ ሠሪዎች ለብዙ አገሮች ጦር ይሠሩ ስለነበር ጀርባው «ለንደን» የሚል ቁልፍ ፊቱ የእንግሊዝ አርማ መሆኑ ግድ አይደለም። ከተበላሸ ራዲዮ የወጣ ማግኔትም አስጠግተው ይሞክሩ፤ ናስ አይሳብም፣ ቀለም የተቀባ ብረት ግን ይለጠፋል። ጥቁሯን የፕላስቲክ ቁልፍ በተመለከተ፣ እባክዎ እንዳትነቅሏት። አባትዎ ላም ለማለብ ሲወጡ ይለብሱት የነበረ ልብስ ቁልፉ ወድቆ በተገኘው መተካቱ የሚጠበቅ ነው፤ እሷም የካፖርቱ ታሪክ ናት።

ስለ ክሩ ጥቂት ልበል። ዋናዎቹ ስፌቶች፣ ማለትም የትከሻው፣ የእጅጌውና የኮሌታው፣ በጥጥ ወይም በተልባ እግር ክር የተሰፉ መሆን አለባቸው። ፖሊስተር ክር በገበያ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ስለሆነ ዋናው ስፌት በሙሉ የሚያብለጨልጭ ፖሊስተር ከሆነ በ1943 እ.ኤ.አ. አልተሰፋም። የጠርዙ ወይም የክርኑ ጥገና ብቻ በእንዲህ ያለ ክር ቢሆን ግን ሰፈር ውስጥ ያለ ልብስ ሰፊ ያደረገው ነው፣ ምንም አይጎዳም። መለየት ከፈለጉ ከውስጥ በኩል ራሱ ተላቅቆ የተንጠለጠለ ጭራ ካለ ብቻ ጫፉን ቆርጠው፣ ከካፖርቱ ርቀው፣ በክብሪት ይለኩሱት፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፣ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ እንክብል ይሆናል።

በየሱቁ ብር ለመፈተሽ የሚያገለግለውን ሰማያዊ መብራትም ይጠቀሙ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጨርቅና በሳሙና ውስጥ መጨመር የተለመደው የማንጫ ኬሚካል በዚህ መብራት ሥር ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ መለያ ጨርቁ ወይም ዋናው ክር ጎልቶ ካበራ ያጠራጥራል። ነገር ግን በዚህ ምርመራ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልብሱ በአንድ ወቅት በኦሞ ታጥቦ ከሆነ እውነተኛው አሮጌ ጨርቅም ያበራል። እናትዎ ወይም ሌላ ሰው አጥቦት እንደ ነበር ይጠይቁ፤ መልሱን ሳያውቁ በመብራቱ ብቻ አይፍረዱ።

በመጨረሻም ገበሩን፣ የኮሌታውን ሥርና የእጅጌውን ውስጥ ጣት ለጣት ይፈትሹ። ወታደር ልብሱ ከጓደኛው ልብስ ጋር እንዳይለዋወጥበት ስሙን ወይም ቁጥሩን በቀለም መጻፍ ልማዱ ነበር። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ስም፣ ሌላው ቀርቶ ግማሽ ስም ቢገኝ፣ ከሁሉም ምርመራ የሚበልጥ ማስረጃ ነው። በትከሻውና በእጅጌው ላይ ደግሞ ምልክት ወይም ማዕረግ ተሰፍቶ የተነሣበት ቦታ መኖሩን ይመልከቱ፤ እንዲህ ባለ ቦታ ጨርቁ ሳይደበዝዝ ይቀራል፣ ዙሪያውንም የመርፌ ቀዳዳ ተደርድሮ ይታያል።

«ተመሳስሎ የተሠራ ቢሆንስ?» ብለው ይሰጉ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ የድሮ ወታደሮችን ልብስ ለሰብሳቢዎችና ለፊልም ሥራ አስመስለው የሚሰፉ አሉ፣ መለያ ጨርቁን ከነዓመቱ ይቀዱታል፤ መለያ ጨርቅ ብቻውን ማስረጃ የማይሆነውም ለዚህ ነው። እርስዎ ግን ይህን ካፖርት ከልጅነትዎ ጀምሮ ያውቁታል። በማን ትከሻ ላይ፣ በየትኛው ወቅት፣ በየትኛው ሳጥን ውስጥ እንደ ነበር ይናገራሉ። ይህን በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ቀን ጨምረው ይጻፉት፣ ይፈርሙበትም፤ አጎትዎና ሌሎች የሚያውቁ ዘመዶችም እንዲሁ ያድርጉ። ባለሙያዎች ስለ አንድ ቅርስ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ተላለፈ?» የሚል ነው፤ ለዚህ መልስ ያለው ቤተሰብ ብዙ አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ አያትዎ ዘመቻ እንምጣ። ሳጥኑን እንደገና ይፈትሹ፤ በዚህ ጊዜ የሚፈልጉት ልብስ አይደለም። ለኮሪያ ዘማቾች የተሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ሜዳይ የነሐስ መልክ ያለው ሆኖ ጥብጣቡ በሰማያዊና በነጭ ቀጫጭን መስመሮች የተሠራ ነው፤ ለኢትዮጵያውያኑም የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ተዘጋጅቶ ነበር። ሜዳዩ ቢጠፋ ጥብጣቡ ብቻውን በመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ መካከል ወይም በሌላ ዕቃ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ፎቶግራፍ ካለ ጀርባውን ይዩ፤ ዘማቾቹ ለዕረፍት ጃፓን ይሄዱ ስለነበር የፎቶ ቤቱ ማኅተም የዚያ አገር ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። በፎቶው ላይ በትከሻቸው ቀይ ክብ ውስጥ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት ቅርጽ ካዩ እሱ የ7ኛው ክፍለ ጦር ምልክት ነው። በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ከተማ በሚወርዱበት ቀን ደግሞ የኮሪያ ዘማቾች ማኅበርን ይጠይቁ፤ ሙሉ ስማቸውን፣ ከተቻለም የማዕረግና የሻለቃ ቁጥራቸውን ይዘው ይሂዱ። የጡረታ ደብተር ካለ እሱም ይረዳል። ወረቀት ጠፋ ብለው ግን ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ። ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ ክቡር ዘበኛ ፈርሶ አባላቱ ተበትነዋል፤ በዚያ ወቅት የክቡር ዘበኛ መታወቂያና ወረቀት በቤቱ ማስቀመጥ ያስፈራው ሰው ቢኖር አይገርምም።

ስለ አጎትዎ። ከደብዳቤዎ እንደ ተረዳሁት ታላቅ ወንድማቸውን ካጡ ገና ዓመት ነው፣ ካፖርቱንም ለቤተ ክርስቲያን ለመስጠት መነሣታቸው ሁለቱንም ሰዎች ለማክበር ይመስለኛል። ፍርዱን አዘጋጅተው በሰው ፊት ቢነግሯቸው ይጎዳሉ፣ እርስዎም ይጸጸታሉ። ከዚህ ይልቅ ብቻቸውን ባሉበት፣ ቡና አፍልተው፣ እንዲያወሩ ይጋብዟቸው። «አያቴ ስለ ካፖርቱ የተናገሩት እንዴት ነበር? ከኮሪያ ያመጣሁት ብለው ነው ወይስ በወታደርነቴ የለበስኩት?» ብለው ይጠይቁ፤ ፈቃደኛ ከሆኑም በስልክዎ ይቅዷቸው። ምናልባት አያትዎ ያሉት ሁለተኛውን ሆኖ «የኮሪያው» የሚለውን ስም ያወጣችሁት እናንተ ልጆች ልትሆኑ ትችላላችሁ። ከዚያ አጉሊ መነጽሩን በእጃቸው ይስጧቸው፤ የዶሮ እግሩን ምልክት፣ የቁልፉን አንበሳ፣ ዓመቱን ራሳቸው ይመልከቱ። የሁለቱን የዘመን አቆጣጠር ልዩነት እሳቸውም ያውቁታል፣ ስሌቱ ላይ ራሳቸው ይደርሳሉ። በዕለቱ ቢቆጡ መልስ ለመስጠት አይቸኩሉ፤ ነገሩን እንዲያስቡበት ጊዜ ይስጧቸው።

ለደብሩ መስጠቱ ደግሞ መቅረት የለበትም፤ መስተካከል ያለበት ጽሑፉ ነው። «በ1943 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ ጦር የተሰፋ የወታደር ካፖርት፤ የክቡር ዘበኛ ወታደር ከነበሩት ከእገሌ ቤት የተገኘ፤ ልጃቸው በሱሉልታ ለረጅም ዓመታት የለበሱት» ቢባል አንዲት ሐሰት የለበትም። የኮሪያው ዘመቻ ማስረጃ ሲገኝ በሌላ መስመር ይጨመራል፤ እስኪገኝ «በቤተሰቡ እንደሚነገረው» የምትለዋ ሐረግ ትበቃለች። ሰበካ ጉባኤውም ከማንም በላይ በዚህ የሚስማማ ይመስለኛል፤ ነገ አንድ ጎብኚ ቁልፉን አይቶ ስህተቱን ቢናገር የሚያፍረው ደብሩ ነውና። ጽሑፉ ከመጻፉ በፊት ፎቶዎቹን ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ላሉ ባለሙያዎች ቢያሳዩ መልካም ነው። ለማስተያየትም በለንደን ያለው ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም የስብስቡን ፎቶዎች በድረ ገጹ ላይ ያሳያል። ካፖርቱን ይዘው በታክሲ ከመጓዝዎ በፊት በፎቶ ይጀምሩ።

የቀረው ወንድምዎና ገዢው ናቸው። በጦርነቱ ዘመን የእንግሊዝ ጦር ካፖርት እጅግ በብዛት የተሰፋ ልብስ ስለሆነ እንዲሁ በራሱ ብርቅ አይደለም፤ ሰውየው ያን ያህል ብር የጠራው «ኮሪያ» የሚለውን ስም ሰምቶ እንደሆነ እገምታለሁ። እርስዎ አሁን የሚያውቁትን እያወቁ በዚያ ስም ቢሸጥ ገንዘቡ ሰላም አይሰጣችሁም፣ ገዢውም ነገ ሲደርስበት ወደ ወንድምዎ መመለሱ አይቀርም። ለሁለት ቀን ልውሰደው ማለቱን ግን በፍጹም አይቀበሉ፤ መመርመር ከፈለገ እቤት መጥቶ በፊታችሁ ይመርምር፤ ከቤት ከወጣ ቁልፉ ወይም መለያ ጨርቁ ተለውጦ ቢመለስ በምን ታውቃላችሁ? ወደ ውጭ አገር ስለ መላኩም፣ ቅርስነት ያለው ዕቃ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር ሊወጣ ስለማይችል ይህን ፈቃድ ማን እንደሚያወጣ ወንድምዎ ደላላውን ይጠይቀው። ወንድምዎን ግን እንደ ስግብግብ አድርገው አይዩት። ምን ቸግሮት ነው? የአባታችሁ የሕክምና ወይም የተዝካር ወጪ ዕዳ ጥሎበት ከሆነ እርስዎና አጎትዎ የድርሻችሁን ብትካፈሉ የካፖርቱ ጉዳይ ይቀላል። እንደዚያ ተነጋግራችሁ እንኳን መሸጡ ግድ ከሆነ በትክክለኛ ስሙና ዓመቱ፣ ሦስታችሁም በፈረማችሁበት ወረቀት ይሸጥ።

እስከዚያ ድረስ ካፖርቱን ከሳጥኑ አውጥተው ብል መግባቱን ይመልከቱ፤ በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልለው፣ በሽቦ መስቀያ ሳይሰቅሉ፣ እርጥበት በሌለበት ቦታ አጋድመው ያስቀምጡት። የናፍታሊን እንክብል ከጨርቁ ጋር እንዳይነካካ ያድርጉ። ለደላላው ደግሞ ቤተሰቡ መክሮ እስኪጨርስ ካፖርቱ ለሽያጭ አለመቅረቡን ወንድምዎ ራሱ በዚህ ሳምንት ይንገረው።